የ«ጌስት»ን ትርጉም ደጃፌ ላይ ለለጠፉልኝ ክቡር ኃላፊ

ለከተማችን የእንግዳ አቀባበል ደረጃ ማስጠበቂያ ዴስክ
ለክቡር አቶ ደምመላሽ፣ የዴስኩ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ ፍየል የበላችውን የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲተካልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለዴስክዎ ባልደረቦችና ከእርስዎ ተለይቶ ለማያውቀው ማህተም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎ፣ ወገብዎ፣ እንቅልፍዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከሙቀቱ፣ ከወባ ትንኙና ከእርስዎ በቀር የሚያሳድደን የለም።

በመቀጠልም አንድ ታላቅ ዜና ለእርስዎና ለመላው የአካባቢው ሕዝብ በክብር አበስራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በእኔ በሸሪፍ አብዱልሰመድ ግቢ የምትኖረው ቀይ ፍየል፣ ዴስክዎ በደጃፌ ላይ ከለጠፈው ማስታወቂያ የታችኛውን ሩብ በልታለች። በአደጋው በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ፍየሏም በመልካም ጤንነት ላይ ትገኛለች፤ ባለቤቴ ሙሀባ እንደምትለው ከሆነ እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ ስትጮህ ድምፅዋ የስብሰባ መሪ ድምፅ መስሏል። እኔ እስካሁን ልዩነቱ አልታወቀኝም፣ ምክንያቱም ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ የልጅ ልጄ ሩዋይዳም በስልኳ ለዓለም እለጥፈዋለሁ ስላለች፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከሥሩ ልጀምርና፣ እርስዎ የሚያውቁትን መልሼ ስነግርዎ ከእርጅና ቆጥረው ይለፉኝ።

ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ መንገደኛ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ በሯ ወደ መንገድ የዞረ አንዲት ክፍል ያገኛል። አባቴ በእንጨትና በጭቃ የሠራት፣ እኔ ደግሞ ሣሯን አንስቼ ቆርቆሮ ያለበስኳት ናት። ጥቂት የጠፍር አልጋ፣ በየአልጋው አጎበር፣ በጥጉ የውሃ እንስራ አለባት። ቁልፍ ኖሯት አያውቅም። ተራራው ሲናድ፣ ወይም አንድ ተሳቢ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተጋድሞ መንገዱን ሲዘጋ፣ ሆቴል ሞልቶበት ያጣ ሰው፣ ኪሱ የሳሳበት ሰው፣ ልጁ በትኩሳት የነደደበት ሰው ወደዚያች ክፍል ይገባል። ይበላል፣ ይተኛል፣ መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል። ይህ ነገር በእኛ በይፋት ቆላ እንግዳ መቀበል ይባላል፤ ሌላ ስም እንደሚያስፈልገው እርስዎ እስኪመጡ ድረስ አልጠረጠርንም ነበር።

በዚህ አቀባበል ውስጥ ከአባቴ የተረከብኩት አንድ ደንብ አለ። እንግዳ ሳይበላ ስሙ አይጠየቅም። ከየት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ፣ ወዴት ነህ አይባልም። ውሃ ይሰጠዋል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ማዕድ ይቀርብለታል፤ ከበላ በኋላ ስሙን ከፈለገ ራሱ ይናገራል፣ ካልፈለገም ደህና እደር ተብሎ ይተዋል። ስሙን ካልጠየቅን ደግሞ ሃይማኖቱን አናውቅም፤ ሃይማኖቱን ካላወቅን ሥጋ አናቀርብለትም። የማን ቢላዋ ያረደውን እንደሚበላ በምን እናውቃለን? ጾም ይዞ ቢሆንስ? ስለዚህ የመጀመሪያው ማዕድ ምንጊዜም የማሽላ እንጀራ በዘይት ሽሮ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጿሚውም የገደፈውም እጁን ሳይሰበስብ የሚበላው። ሽሮ በእኛ ቤት የድህነት ምልክት አይደለም ለማለት ነው፤ ድህነቱም ቢኖር እንኳ።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፣ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ መኪናው እንደ ድሮ የጨው ቅፍለት በተሰለፈበት ቀን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ጫማው የተወለወለ፣ በእጁ ፌስታል ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ወደዚያች ክፍል ጎራ አለ። ሙሀባ፣ «ግባ ልጄ፣ ቤቱ የአላህ ነው» አለችው። እግሩን ታጠበ። ሽሮውን በላ፤ ሲጨመርለትም በላ፤ ድጋሚ ሲጨመርለት «ኧረ በቃኝ» እያለ በላ። ያልተቀደደው አንድ አጎበር ለእሱ ተሰጠ። ያ ጎልማሳ፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ነበሩ። ስምዎን አልጠየቅንዎትም። የማንኮራፋትዎ ድምፅ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ተሳቢ መኪና ይመስል ስለነበር፣ ያ ሰው ሩቅ መንገድ መጥቶ ደክሞታል ብለን በጣም አዘንልዎ።

ጠዋት ቁርስዎን በልተው አፍዎን ከጠረጉ በኋላ ከፌስታሉ ውስጥ ማስታወቂያ፣ የማሸጊያ ወረቀትና ማህተም አወጡ። «አባባ ሸሪፍ፣ እኔ እንኳ እንግዳ አይደለሁም፤ ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ሙሀባ ባዶውን ሳህን እንደያዘች ቆማ አየችዎትና፣ «እንግዲያ የማታውን ሽሮ የበላው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው እስካሁን መልስ እንዳላገኘ በዚህ አጋጣሚ ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ መልሱ በጽሑፍ ቢመጣ ይመረጣል።

ከዚያ የሆነውን ስናገር ሰው አያምነኝም። ማጣበቂያ ረስተው መጥተው ኖሮ፣ «እትዬ ሙሀባ፣ ሙጫ ነገር ይኖር ይሆን?» አሉ። በእኛ ቤት እንግዳ የለመነውን አይከለከልም፤ እንግዳ አይደለሁም ብሎ ቢምልም ግቢውን እስኪለቅ ድረስ እንግዳ ነው። ስለዚህ ሙሀባ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ አማስላ፣ ትኩስ ትኩሱን አቀረበችልዎ። እኔም እጅዎ ከላይ አልደርስ ሲልዎ በርጩማ አምጥቼ እንዳይወድቁ ደግፌ ያዝኩልዎ። በዚህ ሁኔታ የገዛ የእንግዳ ክፍላችንን በገዛ ዱቄታችን፣ በገዛ በርጩማችን ላይ ቆመው አሸጉልን፤ ሲጨርሱም ሙሀባ እጅዎን አስታጠበችዎት። ጎረቤት ይህን ሰምቶ «እናንተ ሰዎች ጤነኞች ናችሁ?» ብሎናል። ፍየሏ ማስታወቂያውን የበላችው መንግሥትን ንቃ ሳይሆን የሙሀባ ሊጥ ስለጣፈጣት መሆኑን ከዚህ ይረዱልኛል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልግባ። ርእሱ በትልቁ «ጌስት» ይላል፣ እንግዳ ለማለት፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም በእኛም ፊደል። ቀጥሎ የቃሉ ትርጉም፣ ከዚያ የቃሉ አጠቃቀም፣ ከዚያ ተመሳሳይ ቃላት ተዘርዝረዋል። በመጨረሻም በዚህ ትርጉም መሠረት ሳይመዘግብ ማንንም በግቢው የተቀበለ ሰው መኖሪያ ቤቱም ጭምር እንደሚታሸግ ያስጠነቅቃል፤ ፍየሏ ይህን ማስጠንቀቂያ ብትበላውም በቃሌ ይዤዋለሁ። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ያለኝን ምስጋና ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ትርጉሙ። «ጌስት ማለት አስቀድሞ ማንነቱን አስመዝግቦ ለሚያገኘው አገልግሎት ተገቢውን ክፍያ የሚፈጽም ግለሰብ ነው» ይላል። ይህ ትርጉም የብዙ ዘመን ጭንቀቴን ስላቃለለልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አማቼ ኡበይድ በየዒዱ ከካራቆሬ እየመጣ ሳምንት ይቀመጣል፤ አስመዝግቦም ከፍሎም አያውቅም። እኔም ይህ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ምንድነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ኖሬያለሁ። ለካስ እንግዳ አልነበረም። ማስታወቂያውን አነበብኩለት፤ ደነገጠ፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ አላወቀምና ዴስክዎ ለእሱም አንድ ስም እንዲያወጣለት ይለምናል።

ሁለተኛ። ስለ አጠቃቀሙ። ቃሉን በዓረፍተ ነገር እንዴት እንደምንጠቀምበት ለማሳየት የተሰጡት ምሳሌዎች እነዚህ ናቸው፦ «ጌስቱ ተመዝግቧል።» «ጌስቱ ክፍያ ፈጽሟል።» «ጌስቱ ክፍሉን ለቋል።» አጻጻፉ ውብ ነው፤ ማረሚያ አያሻውም። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝና ደጋግሜ አንብቤ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ይህ ምስኪን ተመዘገበ፣ ከፈለ፣ ሄደ፤ መቼ በላ? ተኛስ ወይ? በዚህ ሙቀት ውሃ የሰጠው አለ? ሰውዬው በምሳሌው ውስጥ በረሃብ እንዳይሞትብን እሰጋለሁ። በእርስዎ ላይ የሆነውን ባስታውስ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ፈጽሞ ሌላ ነበር፤ ጌስቱ በላ፣ ጌስቱ ደገመ፣ ጌስቱ አንኮራፋ፣ ጌስቱ አሸገ። በኋላ እጄ የገባው የቁጥጥር ሪፖርትዎም «የምግብ አማራጭ የለም፤ ሽሮ ብቻ ይቀርባል» ይላል። አማራጭ ያጣነው ስለ እርስዎ ሃይማኖትና ጾም ስንጨነቅ ነው። ለማንኛውም ሽሮው አማራጭ ባይኖረውም ተጨማሪ እንደነበረው ይመሰክራሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ተመሳሳይ ቃላቱ። የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ዝርዝሩ «ካስተመር፣ ክላየንት» ብሎ ጀምሮ ፍየሏ አፍ ውስጥ ገብቷል። የቀረውን የት ላግኝ ብዬ ስጨነቅ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖረውን መምህርት ጸደንያን ጠየቅኋት። እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ለሥራ ተመድባ ከሩቅ ከተማ የመጣች ቀን ማረፊያ አጥታ በዚያችው በታሸገችው ክፍል ነበር ያደረችው፤ ስሟንም ያወቅነው በማግስቱ ነው። ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታ አነበበችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያ መጽሐፍ ከዴስክዎ ጋር አልተማከረም። የመጀመሪያው ትርጉም «ወደ ቤትህ መጥቶ የምትቀበለው ሰው» ይላል፤ ሆቴል ከፍሎ የሚያድረው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ተመሳሳይ ቃል ብሎም ቪዚተር አለ፣ ሊጠይቅ የመጣ ማለት ነው። ሎጀር አለ፣ ተከራይቶ የሚያድር። ካምፓኒ አለ፤ እንግሊዞቹ ቤታቸው ሰው ሲኖር «ካምፓኒ አለኝ» ይላሉ፣ ብቻዬን አይደለሁም ለማለት። ይህችን ወደድኳት። እንዲሁም አንድ ሰው «ፍቀዱልኝ» ሲላቸው «እንግዳዬ ሁን» ብለው ይመልሳሉ አለችኝ፤ እንደ ልብህ፣ የእኔ የሆነው ያንተ ነው ማለት ነው። ሙጫ ሲለምኑን ሙሀባ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ እንግሊዝኛ መቻሏን ግን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር፤ አሁን ስነግራት ትንሽ ኮራ ብላብኛለች።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በጥንት ዘመን እንግዳውን፣ እንግዳ ተቀባዩንና ጠላቱን የሚጠሩባቸው የፈረንጆቹ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ይላሉ አሉ ሊቃውንቱ። መምህርቷ ይህን ስትነግረኝ እንግዳ ነገር ይሆንብዎታል ብላኝ ነበር። አልሆነብኝም። በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳው ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይበላ አይታወቅማ። ይህን የፈረንጅ አያቶችም ያውቁት ኖሯል፤ በኋላ ማስታወቂያ መለጠፍ ሲጀምሩ ረሱት።

ሙሀባን ደግሞ በአማርኛ ተመሳሳይ ቃል አምጪ ብላት ማሽላ እያበጠረች ቀና ሳትል «ደክሞት የመጣ፣ መሽቶበት የገባ፣ የአላህ አደራ» አለችኝ። በሚተካው ማስታወቂያ ላይ ቦታ ከተረፈ ቢያስገቡልን።

አራተኛ። ይህን ሙሀባ ካነበበች በኋላ አውጣው ብላኛለች። ለሚስቴ ታዛዥ መሆኔን ያውቁ ዘንድ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት መስመር አስቀምጣለሁ፤ ኋላ አነሳዋለሁ።

ውሃ ከማቅረባችን በፊት በሩ ላይ ስሙን፣ የመጣበትንና የሚሄድበትን ጠይቀን እንድንጽፍ አዘውናል። እርስዎ ወደዚህ የተመደቡት በቅርቡ ነው፤ እኛ ግን እዚሁ ነበርን። በዚህ መንገድ ላይ ሰውን አስቁሞ ስምህ ማነው ማለት ከባድ ነገር የሆነበት ጊዜ አልፏል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን እያወቁ የሚጠያየቁበት ጊዜ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ውጭ ቢገናኙ ምን ይሆኑ እንደነበር አላህ ብቻ የሚያውቃቸው ሁለት ሰዎች ከአንድ ትሪ ሽሮ በሉ። መጀመሪያ አልተያዩም፤ ሁለቱም ትሪውን ነበር የሚያዩት። ኋላ አንደኛው ሲያስለው ሌላኛው ከእንስራው ውሃ ቀድቶ አቀበለው። አድረው ሲለያዩ አንዱ ስሙን ነገረኝ፤ ሌላኛው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ እጄን ግን ስሞ ነው የሄደው። እኔ በር ላይ ደብተር ይዤ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ አይገባም ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

አባቴ፣ ሰው ከበላ በኋላ ስሙ ይቀልላል ይል ነበር። የዴስክዎን ማስታወቂያ አላየም፤ አላህ ይዘንለት። ስም መዝግቡ ማለትዎ ለደኅንነት ነው ብለውናል፤ እኔም ደኅንነት አልጠላም። እኔ የምለምነው መመዝገቡ ይቅር ብዬ አይደለም፤ ከሽሮው በኋላ ይሁን ነው የምለው። በሽሮውና በስሙ መካከል ያለችውን ያችን ትንሽ ጊዜ ይተዉልን። ክፍሏ የቆመችው በእሷ ላይ ነው።

እነሆ ቀልዴን አነሳሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ላይ ተራራው ላይ ዝናብ ነው፣ እዚህ ታች ደግሞ ቆርቆሮው ሊቀልጥ ደርሷል። ሚኒባሶቹ በአስፋልቱ ዳር ተደርድረው ተሳፋሪው በጥላ ፍለጋ ተበትኗል። እኔ ማንጎው ሥር ወረቀቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጽፍ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት፣ ቀኗ የገፋ፣ እግሯ ከሙቀቱ ያበጠ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደዚያች ክፍል በር መጣች። እጇን ወደ በሩ ስትዘረጋ የእርስዎን የማሸጊያ ወረቀት አየች። ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው፤ ፍየሏም አትደርስበትም። ቆማ አነበበችው፣ ማህተሙን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቅርታ አባባ፣ መታሸጉን አላየሁም ነበር» አለችኝ።

ሙሀባ በዚህ ጊዜ ውሃ በጣሳ ይዛ ከጓዳ ወጥታ ነበር። ሴትዮዋ ዞራ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። እሽጉ እንደ ተለጠፈ ነው፣ ሕጉ ተከብሯል፣ ውሃው በሙሀባ እጅ ላይ ቀርቷል። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ዓይነት እንግዳ አይቻለሁ፤ የሰረቀኝም አለ፣ የመረቀኝም አለ፤ ደጄን ስለረገጠ ይቅርታ ጠይቆኝ የሄደ እንግዳ ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ስለዚህ አዲስ ልምድም ከልብ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች መሠረት ጥያቄዬ ሁለት ነው። የፊተኛው እሽጉ ይነሳልን የሚል ነው፣ መንገዱ የሚዘጋው ገና ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ነውና። የኋለኛው ደግሞ አዲሱ ማስታወቂያ ሲታተም በአጠቃቀሙ ክፍል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር፣ እሷም ከሁሉም በፊት እንድትሰለፍ ነው። ዓረፍተ ነገሯ «ጌስቱ በልቷል» የምትል ናት። መምህርት ጸደንያ ሰዋስውዋ ትክክል መሆኑን አረጋግጣልኛለች። የዴስክዎ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሊወያይባት ከፈለገ የስብሰባ ቦታ አይቸግረውም፤ ሽሮ እናቀርባለን፣ ስማቸውንም አንጠይቅም።

እንግሊዝኛ ሳላውቅ አርጅቼ እንዳልሞት ለተጨነቁልኝ፣ ቤቴን በቤቴ ዱቄት ላሸጉልኝ፣ ለእንቅልፍዎ ስል ያልተቀደደውን አጎበር ሰጥቼ እኔ ከትንኝ ጋር ስታገል ባደርኩበት ሌሊት በሰላም ላደሩልኝ ለእርስዎ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ሆድና የማይደርቅ ማህተም እንዲሰጥዎ በዱዓ እየተመኘሁ፣ በበርጩማው ላይ ቆመው ሳይወድቁ በመውረድዎ ዛሬም ድረስ ደስ የሚለኝ፣

ታዛዥዎ፣ ያልተመዘገበ እንግዳ ተቀባይ
ሸሪፍ አብዱልሰመድ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ለሙሀባ፤ አራተኛው ቁጥር መውጣቱን እንድታረጋግጥ
ለአማቼ ለኡበይድ፤ ዴስኩ ስም እስኪያወጣለት በትዕግሥት እንዲጠብቅ
ለቀይዋ ፍየል፤ ለምሳ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን ከፈረምኩ በኋላ ሕሊናዬ ስላስቸገረኝ አንድ ነገር ላርም። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ የፍየሏም፣ የሊጡም፣ የማንኮራፋቱም፤ ከራሴ የፈጠርኩት አንዱን ብቻ ነው። ሴትዮዋ ወደ ሚኒባሱ ሄደች ያልኩት ውሸት ነው። ይቅርታ መጠየቁን ጠይቃለች፣ ዞራም ነበር፤ ነገር ግን ሙሀባ ጣሳውን አስይዛት፣ ባዶ በቀረው በራሷ እጅ እሽጉን ከላይ ጀምራ እስከ ታች ሳበችው። እኔም እንደ ልማዴ በርጩማውን ያዝኩላት። መኖሪያ ቤታችንንም ሊያሽጉ ከመጡ መንገዱ ዝግ ነውና ቀስ ብለው ይምጡ፤ ማጣበቂያ አይያዙ፣ ሙሀባ ዱቄት አላጣችም፤ መጀመሪያ ግን ተቀምጠው ይበላሉ።

ሴትዮዋ አሁን እግሯን ታጥባ አጎበሩ ሥር ጋደም ብላለች። በሕጉ መሠረት ስሟን፣ የመጣችበትንና የምትሄድበትን መላክ እንዳለብኝ አልዘነጋሁም፤ ብዕሩም ይኸው በእጄ ነው። ሽሮው ግን ገና እሳት ላይ ነው፤ አልበላችም።